ራታቱይ ውሃ የሚሆንባችሁ ለምንድን ነው? ከገበያ እስከ ማዕድ፣ ደረጃ በደረጃ

ድስቱን ስትከፍቱ ቀይ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ አትክልት ካገኛችሁ፣ ሙያ አንሷችሁ እንዳይመስላችሁ። እጃችን የለመደው ቁሌት ነው። ሽንኩርቱን እናቁላላለን፣ ሌላውን በላይ በላዩ እንጨምራለን፣ ያዝ ሲያደርገው ጠብ የምትል ውሃ ጣል እናደርጋለን፣ ሁሉም በአንድ ድስት ይበስላል። አትክልት ወጥ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ይጥማልም። የደቡብ ፈረንሳይዋ የኒስ ከተማ ራታቱይ ግን በዚህ መንገድ ከተሠራ ይበላሻል። ደበርጃኑ፣ ዝኩኒውና ቃሪያው እየራሳቸው ይጠበሳሉ፣ ውሃቸውን እየራሳቸው ይጥላሉ፣ ከቲማቲሙ ጋር የሚገናኙት መጨረሻ ላይ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን የሠራሁት ለእንግዳ ነበር። ሁሉንም አንድ ድስት ውስጥ ከተትኩት። እንግዳዬ ጨዋ ስለሆነች "ሾርባው ይጣፍጣል" አለችኝ። ሾርባ አልነበረም።

ወቅቱ ደግሞ ለእኛ ይመቻል። በአውሮፓ ገበያ ደበርጃኑም ዝኩኒውም ቲማቲሙም የሚረክሰው ፍልሰታ በሚጾምበት ሰሞን ነው፤ ነሐሴ 1 በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ላይ ይውላል። ምግቡ ቅቤም ሥጋም የለበትም፣ በወይራ ዘይት ብቻ ነው የሚሠራው። የምትጾሙ ከሆነ ግን ከሱቅ የተዘጋጀውን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። አይብ ወይም የዶሮ መረቅ የሚጨምሩበት አሉ።

አንድ ነገር ከመጀመራችን በፊት። ቀጫጭን ክብ ሆነው ተከትፈው፣ በመደዳ ተደርድረው ኦቨን የገቡ አትክልቶች ፎቶ አይታችሁ ከሆነ፣ ያ ሌላ ምግብ ነው። ፕሮቫንስ ውስጥ ቲያን ይሉታል። ለዓይን ያምራል፤ እዚህ የምንሠራው ግን የድስቱን ነው።

ገበያ ላይ

ደበርጃን፦ መካከለኛውን ምረጡ። ቆዳው የሚያበራ፣ ስታነሱት ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ይሁን። በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ስትለቁት ቶሎ ከሞላ ጥሩ ነው፤ እንደተሰረጎደ ከቀረ አርጅቷል፣ ፍሬው ጠቁሮ ይመርራል።

ዝኩኒ፦ ትንንሹን ግዙ፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠውን። ትልቁ መሃሉ ስፖንጅ ነው፣ ድስታችሁን የሚያጥለቀልቀውም እሱ ነው። ትልቅ ብቻ ካገኛችሁ ለሁለት ሰንጥቁና መሃሉን በማንኪያ ፍቃችሁ ጣሉት።

ቲማቲም፦ ሥጋው የበዛ ይሁን፤ ሞላላው ሮማ ወይም ፈረንሳዮች "የበሬ ልብ" የሚሉት ትልቁ። ከግንዱ የተቆረጠበትን ቦታ አሽትቱት። ምንም ካልሸተተ ቀለሙ አያታላችሁ። ቤት ስትገቡ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፣ ጣዕሙን ያጣል።

የፈረንጅ ቃሪያ፦ ቀይ። ቢጫም ይሆናል። አረንጓዴው ያልበሰለ ስለሆነ መረር ይላል።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ በክረምቱ ዝናብ የምታገኙት ቲማቲም ውሃ ከበዛበት ከሱ ጋር አትታገሉ። ሳይፈጭ የታሸገውን ሙሉ ቲማቲም ግዙ፤ 400 ግራም የሚለውን ቆርቆሮ ሁለት። እሱም ከጠፋ ያገኛችሁትን ቲማቲም ተጠቅማችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ ትደግፉታላችሁ።

የሚያስፈልገው (ለ6 ሰው)

- ደበርጃን 500 ግራም (2 መካከለኛ)
- ዝኩኒ 500 ግራም (3 ትንንሽ)
- ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ 2 ትልልቅ
- ቲማቲም 800 ግራም
- ሽንኩርት 2 መካከለኛ
- ነጭ ሽንኩርት 4 ፍሬ (4 ራስ እንዳይመስላችሁ)
- የወይራ ዘይት 150 ሚሊ ሊትር ገደማ
- ጦስኝ፦ እርጥብ ከሆነ 4 ዘለላ፣ ደረቅ ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- የባሲል ቅጠል አንድ እፍኝ
- ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ
- ካስፈለገ ትንሽ ስኳርና አቼቶ

በባሲሉ ፋንታ እርጥብ በሶብላ ካላችሁ ይሠራል፤ ሽታው ስለሚበረታ ግን ከሩብ እፍኝ አትለፉ። ደረቁን በሶብላ አልመክርም፣ ሽሮ ሽሮ ይላል።

ዕቃ፦ ሰፊ መጥበሻ (28 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደስ ይላል)፣ ወፍራም ድስት፣ የፓስታ ማጥለያ፣ ወንፊት፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ንጹህ ፎጣ፣ የእንጨት ማማሰያ።

ጊዜ፦ 2 ሰዓት ያዙ፤ የማረፊያው አንድ ሰዓት ለብቻው ነው። ሰው ሊመጣባችሁ 40 ደቂቃ ሲቀረው አትጀምሩት፤ ለነገ ሠርታችሁ ብታሳድሩት ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ደበርጃኑን በጨው አስቀምጡ

1. ጫፍና ጫፉን ቁረጡ። ቆዳውን አትላጡ፤ ቅርጹን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው።
2. 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ክተፉት። ከዚህ ካነሰ ይቀልጣል።
3. ማጥለያ ውስጥ አድርጋችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱበት፣ በእጅ አገላብጡት፣ ሳህን ላይ አስቀምጡትና 30 ደቂቃ ተዉት።
4. ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። በውሃ አትለቅልቁት።

ይህን የሚዘልሉት ሰዎች "የዛሬ ደበርጃን አይመርርም" ይላሉ። ልክ ናቸው። ጨው የምናደርግበት ግን ለምሬቱ አይደለም። ደበርጃን ውስጡ አየር የሞላበት ነው፤ ጥሬውን መጥበሻ ላይ ስትጥሉት ያፈሰሳችሁትን ዘይት በአንድ ደቂቃ ይጠጣል፣ ትጨምራላችሁ፣ ያንንም ይጠጣል። ጨው ውሃውን ሲያወጣው ይኮማተራል፣ ዘይት የሚጠጣበት ክፍተትም ያንሳል። ሳህኑ ላይ ቡኒ ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ ከታያችሁ ሠርቷል።

ደረጃ 2፦ ቲማቲሙን ላጡና ፍሬውን አውጡ

1. ውሃ አፍሉ። በእያንዳንዱ ቲማቲም ቂጥ ላይ በቢላ የመስቀል ምልክት ጫር አድርጉ።
2. የፈላው ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ክተቱና ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ አዛውሩት። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ አንድ ደቂቃ ስጡት።
3. ቆዳውን ላጡ።
4. በአግድም ለሁለት ቁረጡ፤ ከላይ ወደ ታች ከቆረጣችሁት የፍሬው ክፍሎች አይከፈቱም። ጎድጓዳ ሳህን ላይ በተቀመጠ ወንፊት ጨመቅ አድርጉትና ፍሬውን በጣት አውጡ።
5. ሥጋውን በደንቡ ክተፉ። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ፍሬ ጣሉ፣ ሳህኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ጭማቂ ግን አስቀምጡ፤ በኋላ ሊያስፈልግ ይችላል።

የቆርቆሮ ከሆነ ቲማቲሙን እያወጣችሁ በእጅ ጨፍልቁት፤ የተዘፈዘፈበትን ፈሳሽ ለብቻ አስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ የቀረውን ክተፉ

ዝኩኒው እንደ ደበርጃኑ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቃሪያው ፍሬውና ነጩ ጅማቱ ወጥቶ በዚያው መጠን። ሽንኩርቱ ለወጥ እንደሚከተፈው እንዳይደቅ፤ ቀጠን ያለ ቁራጭ ይሁን፣ በኋላ በዓይን ሊታይ ይገባል። ነጭ ሽንኩርቱን ክተፉት፤ አትውቀጡት። የተወቀጠው ቶሎ ያርርና ድስቱን ሁሉ ያመርራል።

ሁሉም ተከትፎ እየራሱ ሳህን ላይ ሳይቀመጥ እሳት አታቀጣጥሉ።

ደረጃ 4፦ እየለያችሁ ጥበሱ

ብዙው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ማጥለያውን አጥባችሁ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጡ፤ የተጠበሰው ሁሉ እዚያ ላይ ይገለበጣል። ጨው በየዙሩ ቆንጥር ብቻ፣ እሱም ከተጠበሰ በኋላ። መጥበሻ ላይ እያለ ከተነሰነሰበት ውሃውን እዚያው ይለቃል።

ደበርጃን። መጥበሻውን በኃይለኛ እሳት አግሉ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አፍስሱ። አንዲት ቁራጭ ጣል አድርጉ፤ ችስ ካላለች ጠብቁ። ግማሹን ደበርጃን አንዱ በሌላው ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት። ሁለት ደቂቃ አትንኩት። ከዚያ እያገላበጣችሁ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ፣ ሁሉም ጎኑ ወርቅማ ቡኒ እስኪሆን። ማጥለያው ላይ ገልብጡ። በቀረው ግማሽ ድገሙት፣ ዘይት 2 ማንኪያ ጨምራችሁ። ደበርጃኑ ጨው ስላለበት ሌላ ጨው አያስፈልገውም። አንዷን ቀምሳችሁ እዩ፦ ውስጧ እንደ ክሬም መለስለስ አለባት። ስታኝኳት ከጠጠረች ገና ናት፤ ቲማቲም ውስጥ ገብታ ትበስላለች ብላችሁ አትለፏት፣ አትበስልም።

ዝኩኒ። 2 ማንኪያ ዘይት፣ ያው ኃይለኛ እሳት፣ በሁለት ዙር፣ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ። ጎኑ ቡኒ ይያዝ፣ መሃሉ ግን ገና ጠንከር ያለ ሆኖ ይውጣ።

ቃሪያ። አንድ ማንኪያ ዘይት፣ መካከለኛ እሳት፣ 10 ደቂቃ። ከሁሉም የሚዘገየው እሱ ስለሆነ እስኪተጣጠፍ ጥበሱት።

መጥበሻው "ችስ" ማለቱን ትቶ "ፎክ ፎክ" ማለት ከጀመረ፣ መጥበስ አቁማችሁ እየቀቀላችሁ ነው። ወይ አብዝታችሁ ከታችኋል፣ ወይ እሳቱ ደክሟል። ግማሹን አውጡ፣ እሳቱን ጨምሩ፣ ውሃው እስኪተን ጠብቁ።

የኤሌክትሪክ ምድጃችሁ ጉልበት ከሌለው ኦቨን ይሻላችኋል። 220 ዲግሪ አግሉት። ደበርጃኑን፣ ዝኩኒውንና ቃሪያውን በየትሪያቸው በዘይት አሽታችሁ ዘርጉ። ዝኩኒው 20 ደቂቃ፣ ሁለቱ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንድ ጊዜ እየገለበጣችሁ። ጣዕሙ ከመጥበሻው በጥቂት ያንሳል፤ ድካሙ ግን በግማሽ።

ደረጃ 5፦ ሽንኩርትና ቲማቲም

1. ወፍራሙን ድስት በዝቅተኛ እሳት ላይ ጣዱ። 2 ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፤ ከማጥለያው ሥር የተጠራቀመው ዘይት ካለ እሱን ተጠቀሙ፣ የአትክልቱን ጣዕም ይዟል።
2. ሽንኩርቱን ከቆንጥር ጨው ጋር ክተቱና 15 ደቂቃ አብስሉ። እንደ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያለ ዘይት አታቁላሉት፣ እንዲጠቁርም አትፍቀዱለት። ለስልሶ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ መስሎ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ሲሸት ደርሷል።
3. መያዝ ከጀመረ እሳቱን ቀንሱና ድስቱን ለአንድ ደቂቃ አውርዱ። ውሃ ጠብ አታድርጉበት! እጃችሁ ወደ ማሰሮው ሲሄድ ያዙት።
4. ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ። ሳልሳ የምትጠቀሙ ከሆነ አሁን ነው፤ ዘይቱ ውስጥ 2 ደቂቃ ይብሰል፣ ጥሬ ሽታው እንዲጠፋ።
5. ቲማቲሙንና ጦስኙን ጨምሩ። እሳቱን ወደ መካከለኛ አውጡ። ክዳን አትክደኑ። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ።

መድረሱን በሰዓት አትወስኑ። ማማሰያውን በድስቱ ወለል ላይ ጎተት አድርጉ። የከፈተው መንገድ 3 እስክትቆጥሩ ድረስ ካልተዘጋ፣ ዘይቱም ዳር ዳሩን ብቅ ካለ በቅቷል። መንገዱ ወዲያው ከሞላ ሌላ 5 ደቂቃ ስጡት። ራታቱዩ ውሃ መሆን አለመሆኑ የሚለየው በዚህች ፈተና ነው። ጨርሶ ደርቆ ቶሎ ከያዘ ደግሞ ከደረጃ 2 ያስቀመጣችሁትን ጭማቂ በማንኪያ እየለካችሁ መልሱለት።

ደረጃ 6፦ አገናኟቸው

1. ቃሪያውንና ደበርጃኑን ጨምሩ። ከሥር ወደ ላይ እያነሳችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ገልብጡ። እንደ ገንፎ አታማስሉት።
2. እሳቱን ወደ መጨረሻው ዝቅታ አውርዱ። ክዳኑን ገርበብ አድርጉ። 10 ደቂቃ።
3. ዝኩኒውን ጨምሩ። ሌላ 10 ደቂቃ፣ ክዳኑ ተነሥቶ።
4. የጦስኙን እንጨት አውጡ። ጨው ቅመሱ፤ የደበርጃኑ ጨው አሁን ነው የሚገለጠው። ቁንዶ በርበሬ።

ከዚህ በኋላ አታማስሉ። መያዙ ካሳሰባችሁ ድስቱን በጆሮው ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጉት።

ደረጃ 7፦ ይረፍ

ከእሳት አውርዱና አንድ ሰዓት ተዉት። ትኩሱን የቀመሰ ሰው "ይሄ ነው እንዴ?" ማለቱ አይቀርም፤ ቲማቲሙ ቲማቲም፣ ቃሪያው ቃሪያ ሆኖ ተለያይቶ ነው የሚቀመሰው። ሲያርፍ ይዋሃዳል። ባሲሉን በእጅ ቀዳዳችሁ ለማዕድ ሲቀርብ ብቻ ነስንሱት፤ ቢላ ካጠቆረው ቅጠል በእጅ የተቀደደው ይሻላል። ላዩ ላይ አንድ ማንኪያ ጥሬ የወይራ ዘይት ጣል አድርጉበት።

ሲበላሽባችሁ

ውሃ ሆነ፦ በማፍላት ለማትነን አትሞክሩ፣ አትክልቱ ይፈርሳል። ሁሉንም በቀስታ ማጥለያ ላይ ገልብጡ። የወረደውን ፈሳሽ ብቻ ወደ ድስቱ መልሳችሁ በኃይለኛ እሳት ማር ማር እስኪል አፍሉት፤ ከዚያ አትክልቱን መልሱ። 10 ደቂቃ ይፈጃል፣ ምግቡንም ያድነዋል።

ዘይቱ በዛ፦ ድስቱን በአንድ ጎኑ አዘንብሉና 5 ደቂቃ ተዉት፤ የተጠራቀመውን በማንኪያ ቅዱ። አትድፉት፣ ለነገ ሩዝ ይሆናል።

ጎመዘዘ፦ ቲማቲሙ አልበሰለም ወይም ቲማቲሙ ራሱ ደካማ ነበር። ሩብ የሻይ ማንኪያ ስኳርና 10 ደቂቃ ተጨማሪ እሳት ስጡት። መጀመሪያ ግን እሳቱን፣ ስኳሩን ከዚያ በኋላ።

ጣዕሙ ፈዘዘ፦ ጨው አብዝታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ጠብታ አቼቶ ሞክሩ። ሲተኛ የነበረው ምግብ ይነቃል።

ጨው በዛ፦ "ድንች ክተቱበት፣ ጨው ይስባል" የሚለውን ተዉት፤ ድንቹ የሚስበው መረቅ ነው፣ የቀረውም ያው ጨዋማ ነው። ጨው ያልነካው ቲማቲም ለብቻው አብስላችሁ ቀላቅሉ፣ ወይም ጨው በሌለው ሩዝ አቅርቡት።

ሥሩ አረረ፦ አትፋቁ፣ አታማስሉ። ከላይ ያለውን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት አዛውሩና ቅመሱት። የጭስ ሽታ ከያዘ አይድንም።

ፈራረሰ፦ ራታቱይነቱ አበቃ፣ ምግብነቱ ግን አለ። በሹካ ጨፍልቁት፣ አንድ ፍሬ ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ጨምሩበት፣ በተጠበሰ ዳቦ ላይ ቀቡት። እንግዳ ፊት "እንዲህ ነው የፈለግሁት" ማለት ይቻላል፤ ብዬ አውቃለሁ።

ማስቀመጥና ማቅረብ

ከቀዘቀዘ በኋላ በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ከሁሉም ይጣፍጣል። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ብሉት፤ በረዶ የመታው የወይራ ዘይት አፍ ላይ ይረጋል። ፍሪዘር ውስጥ 3 ወር ይቀመጣል፣ ዝኩኒው ግን ሲቀልጥ ይለሰልሳል። ለፍሪዘር ካሰባችሁት ዝኩኒውን ትታችሁ ሥሩ፤ በምትበሉበት ቀን ጠብሳችሁ ትጨምሩታላችሁ።

በእንጀራ ስታቀርቡት ወደ ማድረቁ አድሉ፤ መረቁ ከበዛ እንጀራው ይርስና ይቆረጣል። በጾም ከምስር አዚፋ ጎን ሲቀመጥ ቀዝቃዛ ከቀዝቃዛ ጋር ይስማማል።

ጾሙ ሲፈታ፣ የተረፈውን በመጥበሻ አሙቁና በማንኪያ ጀርባ አራት ጉድጓድ አብጁለት። በየጉድጓዱ አንድ አንድ እንቁላል ስበሩ፣ ክደኑት፣ በዝቅተኛ እሳት 5 ደቂቃ። ነጩ ሲረጋ፣ አስኳሉ ሳይጠጥር አውርዱት።